ከአድራሻው የወደቀ ቃል

 ስለ አንድ የጃፓን ተራራ መንደር ልነግራችሁ ነው። ብዙ አላስጠብቃችሁም፤ ከአንድ ፖስታ ልጀምር።

ጃፓኖች አድራሻ ሲጽፉ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይወርዳሉ። ግዛቱ ይቀድማል፤ ከዚያ አውራጃው፣ መንደሩ፣ ጎጡ፣ የቤቱ ቁጥር ይከተላል፤ የሰውየው ስም መጨረሻ ላይ ነው። እስከ ማርች 2005 ድረስ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) ወደ ያማኮሺ ደብዳቤ የሚልክ ሰው «ኒጋታ ግዛት፣ ኮሺ አውራጃ፣ ያማኮሺ መንደር፣ ታኬዛዋ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ኤፕሪል 1 ቀን ሲነጋ ትክክለኛው አድራሻ «ኒጋታ ግዛት፣ ናጋኦካ ከተማ፣ ያማኮሺ ታኬዛዋ» ሆነ። ያማኮሺ የሚለው ስም አለ። ታኬዛዋም አለች። የወደቁት «መንደር» የሚለው ቃልና «ኮሺ አውራጃ» ናቸው። ኮሺ በጥንት ዘመን ያ የባሕር ዳርቻ በሙሉ የሚጠራበት ስም ነበር። እየተሸራረፈ፣ እየተሸራረፈ መጥቶ በመጨረሻ በሥሩ የቀረችው ያማኮሺ ብቻ ሆነች፤ እሷ ወደ ከተማው ስትገባ አውራጃውም ተከትሏት ከካርታ ወጣ።

የዛሬው ጉዳያችን ይህ የወደቀ ቃል ነው። «መንደር» የሚለው ሲነሣ ምን ይዞ ይሄዳል፣ ምንስ ትቶ ይሄዳል የሚለውን አብረን እንይ።

መጀመሪያ ቦታውን ልጠቁም። ከቶኪዮ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተራራውን ሲሻገሩ ፊቱን ወደ ጃፓን ባሕር ያዞረ ግዛት አለ፤ ኒጋታ ነው። የአገሪቱ ረጅሙ ወንዝ ሺናኖ በሜዳው መሐል ይወርዳል፤ ሜዳው ላይ ናጋኦካ ተቀምጣለች። ናጋኦካ የድሮ መሳፍንት ግንብ የነበራት ከተማ ናት። ኦገስት 1 ቀን 1945 ሌሊት ከአሜሪካ አውሮፕላኖች በወረደ እሳት ተቃጥላ ዳግም የተሠራች፣ ያን ሌሊት ዛሬም በየዓመቱ በርችት የምታስታውስ ከተማ ናት። ከሜዳው ወደ ምሥራቅ ሲወጡ መሬቱ ይሰባበራል። ተራራ ስል ራስ ዳሸንን እንዳታስቡ፤ ቁመቱ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ነገር ግን አፈሩ የሚንሸራተት፣ መንገዱ የሚጠማዘዝ፣ ሜዳ የሚባል ነገር የሌለበት አገር ነው። 40 ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላው በዚህ መሬት ላይ 14 ጎጦች ተበትነው በ2004 መጸው 2,167 ሰዎች፣ 690 ገደማ ቤተሰቦች ይኖሩበት ነበር። ጃፓኖች «ሹራኩ» የሚሉትን ነው ጎጥ የምለው፤ ከዚህ የቀረበ ቃል አላገኘሁለትም።

ኑሯቸው እርከን ነው። ዳገቱን በእርከን ከፋፍለው ሩዝ ይዘሩበታል፤ ከእርከኑ በላይ ኩሬ ይቆፍራሉ። ክረምት ላይ ሦስት፣ አራት ሜትር የሚከመረው በረዶ በጸደይ ሲቀልጥ ኩሬውን ይሞላል፤ ኩሬው ደግሞ እርከኑን ያጠጣል። ኩሬው ባዶውን እንዳይቀመጥ የክረምት ምግብ የሚሆን ካርፕ ዓሣ ይጥሉበት ነበር። ከዛሬ 200 ዓመት በፊት ገደማ ከጥቋቁሮቹ ዓሦች መካከል ቀይና ነጭ የተቀላቀለባቸው መታየት ጀመሩ። ገበሬው መብላቱን ትቶ ያራባቸው ጀመር። «ኒሺኪጎይ» አሏቸው፤ ባለጥልፍ ካርፕ እንደ ማለት ነው፤ ከላይ ሲያዩአቸው በእርግጥ ሐር ላይ የተጠለፈ ይመስላሉ። በ1914 ቶኪዮ በተካሄደ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርበው ስማቸው ወጣ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየሆቴሉና በየባለጸጋው ግቢ ኩሬ ውስጥ የምታዩዋቸው ዓሦች ዘር የሚመዘዘው ከእነዚህ ጭቃማ ኩሬዎች ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁን ሰምታችሁ «ከጥንት የነበረች መንደር፣ በዘመናችን በከተማ ተዋጠች» ብላችሁ ታሪኩን ጨርሳችሁት ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። ወደ ጉዳዩ ጠጋ ስል ግን አንድ ነገር አረመኝ፤ ያማኮሺ የምትባለው መንደር ጥንታዊ አይደለችም። የተወለደችው በ1956 ነው፤ ያውም አራት ትናንሽ የመንደር አስተዳደሮች ተዋሕደው። ስትዋጥ ዕድሜዋ 49 ዓመት ነበር። በዚህ አዳራሽ ከእሷ የምትበልጡ አላችሁ።

ጥንታዊዎቹ ጎጦቹ ናቸው። ጎጥ ምን እንደሆነ ለማሳየት ወደ አንድ ዋሻ ልውሰዳችሁ።

ኮማትሱጉራ በተራራው ጀርባ ያለች ጎጥ ናት። ሐኪምም ገበያም ከተራራው ማዶ ነው። በበጋ ዳገት ነው፤ በክረምት ደግሞ ያ ሁሉ በረዶ አለ። ሰው ሲታመም ጎረቤት ተሰብስቦ በጀርባው ተሸክሞ ጫፉን ይሻገራል፤ ማዶ ሳይደርሱ መንገድ ላይ የሚሞትባቸው ነበር። በ1933 የጎጧ ሰዎች ተራራውን እንብሳው አሉ። ሁሉም አልተስማማም፤ እብደት ነው ያሉ ነበሩ፣ ጎጧም በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍላለች። የተስማሙት ግን ዶማ ይዘው ገቡ። መሐንዲስ የላቸውም፣ ማሽን የላቸውም፤ ገበሬዎች ናቸው። አንዱ ይቆፍራል፣ ሌላው ፍርስራሹን በጋሪ ወደ ውጭ ይገፋል። ጦርነቱ ሲከፋ ሥራው ቆመ፣ ሲያበቃ ቀጠለ። በ1949፣ በጀመሩ በ16ኛው ዓመት፣ የማዶው አየር በዋሻው አለፈ። ርዝመቱ 877 ሜትር ነው፤ በጃፓን በእጅ ከተቆፈሩት ዋሻ መንገዶች ሁሉ ረጅሙ መሆኑ ይነገርለታል።

ዋሻው ዛሬም አለ። ግድግዳው ያልተለሰነ ነው፤ ዶማው የጫረው ጭረት አንድ በአንድ ይታያል። ስፋቱ ትንሽ መኪና በጭንቅ ያሳልፋል። በ1998 አጠገቡ ዘመናዊ ዋሻ እስኪከፈት ድረስ 49 ዓመት ሰውና መኪና ሲመላለስበት ኖሯል። ልብ በሉ፤ ያማኮሺ መንደርም የኖረችው 49 ዓመት ነው። ቁፋሮው ሲጀመር ያማኮሺ የሚባል አስተዳደር ከመወለዱ በፊት ገና 23 ዓመት ይቀረው ነበር። ዋሻውን የጀመረው መንደር የሚባለው ጽሕፈት ቤት አልነበረም፤ ጎጥ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቢሮው ጉዳይ ልግባ፤ ትንሽ ይደርቃል፣ ታገሡኝ።

ጃፓን መንደር ማዋሐድ የጀመረችው ትናንት አይደለም። በ1888 አገሪቱ ውስጥ 71,314 ከተሞችና መንደሮች ነበሩ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ 15,859 ሆኑ። አዲሱ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ለቤተሰብ መዝገብ የሚሆን አቅም ያለው አስተዳደር ፈልጎ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለተኛው ማዕበል መጣ፤ ያማኮሺ የተወለደችው ያኔ ነው። ሦስተኛው የእኛ ዘመን ነው። በ1999 የነበሩት 3,232 አስተዳደሮች በ2010 ወደ 1,727 ወረዱ። መንደር የሚባሉት ብቻ ከ568 ወደ 184 ወርደዋል። በኒጋታ ግዛት 112 የነበሩት 30 ቀሩ።

መንግሥት ተዋሐዱ ብሎ አላዘዘም፤ ጃፓኖች ግን «ከረሜላና አለንጋ» የሚሉት ዘዴ አላቸው። ከረሜላው ቦንድ ነው። የሚዋሐዱት ለግንባታ ከሚያስፈልጋቸው ገንዘብ እስከ 95 በመቶው ድረስ እንዲበደሩ ተፈቀደላቸው፤ ከዕዳው 70 በመቶውን ማዕከላዊው መንግሥት ይከፍልላቸዋል። አለንጋው ድጎማው ላይ ዐረፈ። የተራራ መንደር በራሱ ግብር አይኖርም፤ የሚኖረው ማዕከሉ በሚልከው ድጎማ ነው። በ2004 የበጀት ዓመት ይህ ድጎማ በአንድ ጊዜ 2.9 ትሪሊዮን የን ገደማ፣ ማለትም 12 በመቶ ያህል ተቆረጠ። ሰዉ እያረጀ፣ ወጣቱ እየወረደ፣ ካዝናው እየተራቆተ ላለ የመንደር ሹም ይህን ምርጫ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ውጤቱ አንዳንዴ ያስቃል። በ2005 ዙሪያዋን ያሉትን ዘጠኝ ከተሞችና መንደሮች የጠቀለለችው ታካያማ ከኦሳካ ግዛት በስፋት ትበልጣለች፤ 92 በመቶዋ ደን ነው። ያንን «ከተማ» ይሉታል። ናጋኦካም ከ2005 እስከ 2010 በሦስት ዙር እየተቀበለች አንድ ጫፏ ባሕር፣ ሌላው ጫፏ ተራራ የሆነ፣ 280,000 ያህል ሰው የያዘች አስተዳደር ሆነች።

የመዋሐጃው መንገድም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁሉም ፈርሰው አዲስ ከተማ መመሥረት ነው። ሁለተኛው ትልቁ እንዳለ ሆኖ ትንሹ መግባት ነው፤ የትልቁ ከንቲባ ወንበሩ ላይ ይቆያል፣ የትንሹ ሹምና ምክር ቤት በተወሰነው ቀን ይበተናሉ። ያማኮሺ የገባችው በሁለተኛው ነው። ድርድሩ አልቆ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ኤፕሪል 1 ቀን 2005። ምድር ግን ቀደመች።

ኦክቶበር 23 ቀን 2004፣ ቅዳሜ አመሻሽ፣ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ በመጠን 6.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታ። በጠቅላላው 68 ሰዎች ሞቱበት። ጥይት ባቡር የምንለው ሺንካንሰን በ1964 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጭኖ ሲበር ሐዲዱን የለቀቀው ያን ዕለት ነው፤ ደግነቱ ከተሳፋሪዎቹ የሞተ የለም። ያማኮሺ ላይ ተራራው ራሱ ወረደ። ከመንደሩ የሚያወጣው መንገድ ሁሉ ተቆረጠ፤ ስልክ ጠፋ፤ መብራት ጠፋ። ወቅቱ ዓሣው ከጭቃ ኩሬ እየወጣ የሚለቀምበት፣ የዓመት ድካም ወደ ገንዘብ የሚለወጥበት ነበር፤ ኩሬዎቹ ተሰነጠቁ፣ ውኃው ሸሸ። ናዳው ኢሞ የተባለውን ወንዝ ዘጋው፤ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ የኮጎሞ ጎጥን ቤቶች እየዋጠ ወጣ። ከእነዚያ ቤቶች አንዳንዶቹ ለመታሰቢያ እንዳሉ ተትተዋል፤ ጣሪያቸው ከደለል ላይ ብቅ ብሎ ይታያል።

የመንደሩ ሹም ታዳዮሺ ናጋሺማ መንደሩ በሙሉ እንዲለቅ ወሰነ። በሁለት ቀን ውስጥ ከ2,000 የሚበልጠው ሕዝብ በሄሊኮፕተር እየተጫነ ናጋኦካ ወረደ። ሊውጣት ቀን የቆረጠው ከተማ ቀኑ ሳይደርስ አስተናጋጅ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የዛሬው ንግግሬ ማዕከል ይህ ነውና። ሰዎቹ ከሄሊኮፕተር በወረዱበት ተራ ነበር በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ የተደለደሉት። አያት እዚህ፣ ጎረቤት እዚያ። ናጋሺማ ጥቂት ቀን ቆይቶ ድልድሉን አፈረሰውና ሕዝቡን እንደገና በየጎጡ አዛወረው፤ የዚህ ጎጥ ሰው ሁሉ በዚህ አዳራሽ፣ የዚያኛው በዚያ። ለደከመ፣ ለተራበና ለበረደው ሰው ብርድ ልብሱን ሰብስቦ ሌላ አዳራሽ ግባ ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ቆይቶ ናጋኦካ ዳር ጊዜያዊ ቤቶች ሲሠሩም ድልድሉ እንዲሁ በጎጥ ሆነ።

ለምን ይህን ያህል አጠበቀው? ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1995፣ ኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ጊዜያዊ ቤቶቹ በዕጣ ነበር የታደሉት። ለአረጋውያን ቅድሚያ ተሰጠ፤ ሐሳቡ የደግነት ነበር። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ከማያውቀው ጎረቤት መካከል ብቻውን ገባ፤ ሲሞት ማንም ሳያውቅ ቀናት ያልፉ ጀመር። ጃፓኖች ለዚህ ሞት «ኮዶኩሺ» የሚል ቃል አላቸው፤ የብቸኝነት ሞት። ያማኮሺዎች ያን ከባድ ትምህርት በሰው ሕይወት ከፍለው አልተማሩትም፤ ኮቤ ከፍላላቸዋለች። በጊዜያዊ ቤቶቹ አጠገብ ትንሽ ትንሽ የአትክልት መደብ ተከፈለላቸው። ጠዋት ጠዋት አሮጊቶቹ ከቤታቸው ወጥተው፣ ትናንት እርከን ላይ ጎን ለጎን ከነበረችው ሴት ጋር እንደገና ጎን ለጎን ይኮተኩታሉ።

ኤፕሪል 1 ቀን 2005 የመጣው እንዲህ ባሉበት ነው። ያማኮሺ መንደር በሕግ ሲሞት ምድሩ ላይ የሚኖር ሰው አልነበረም፤ ወደ ቤት መመለስ ገና ተከልክሎ ነበር። ያን ክረምት በረዶው በብዙ ዓመት ያልታየ ሆኖ ወረደ፤ ከጣሪያ ላይ የሚጠርገው ሰው በሌለበት፣ ከመንቀጥቀጡ ተርፈው የነበሩ ቤቶች በበረዶ ሸክም ተደረመሱ። ጽሕፈት ቤቱ ፈረሰ፣ ምክር ቤቱ ተበተነ፣ ማኅተሙ ተመለሰ። «ወደ ያማኮሺ እንመለስ» የሚለው መፈክር ግን ያማኮሺ የሚባል አስተዳደር ከጠፋ በኋላም በጊዜያዊ ቤቶቹ ሰዎች አፍ ላይ ነበር። የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች ጊዜያዊ ቤታቸውን የለቀቁት በ2007 ማለቂያ ነው። ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ወደ ተራራው ተመልሰዋል። ናጋሺማ በዚያው 2005 የፓርላማ አባል ሆነ፤ በኋላም የመልሶ ግንባታ ምክትል ሚኒስትር፤ በ2017 ዐረፈ።

ገንዘቡ ከየት መጣ ለምትሉኝ፣ ትልቁን ሸክም የተሸከሙት ማዕከላዊው መንግሥትና ግዛቱ ናቸው። ከዚያ ውጭ የ300 ቢሊዮን የን ፈንድ ተቋቁሞ በወለዱ፣ በአሥር ዓመት 60 ቢሊዮን የን ገደማ፣ በጀት ያልደረሰበትን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍን ነበር። ከቀዳዳዎቹ አንዱን እወደዋለሁ። የጃፓን ሕገ መንግሥት የሕዝብ ገንዘብ ለሃይማኖት እንዳይውል ይከለክላል። የየጎጡ መቅደስ ደግሞ ፈርሷል። ሰዎቹ ቤታቸውን ሠርተው ሲያበቁ ጎጡ ጎጥ የሚሆንበት፣ በዓል የሚከበርበት፣ ጉዳይ የሚመከርበት ቦታ የለም። ፈንዱ ዘዴ ዘየደ፤ መቅደሱን እንደ ማኅበረሰብ መሰብሰቢያ ቆጥሮ ለጥገናው ረዳ። አምላኩ በየትኛው ዓምድ እንደተመዘገበ አይታወቅም፤ ጣሪያው ግን ተከደነ።

አሁን ደግሞ ወደ ኮርማዎቹ።

እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ካለ ይህን ከእኔ በላይ ይገባዋል። በዚያ ተራራ ኮርማ ለኮርማ የማዋጋት ልማድ አለ፤ «ትሱኖትሱኪ» ይሉታል፤ ቀንድ መግጠም ነው። ታኪዛዋ ባኪን የተባለው ታላቅ ደራሲ በ19ኛው መቶ ዓመት ልብ ወለዱ ውስጥ ገልጾታል፤ በ1978 መንግሥት በሕዝብ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ሜዳው በሳኬ መጠጥና በጨው ይባረካል። ባለቤቱ ኮርማውን በአፍንጫ ገመድ እየመራ ያስገባና ገመዱን ይፈታል። ሁለቱ ይያያዛሉ። ዙሪያውን «ሴኮ» የሚባሉ ሰዎች እጃቸውን እየዘረጉ «ዮሺታ! ዮሺታ!» ይላሉ። የግንባር አጥንት ሲጋጭ ድምፁ ድንጋይ በድንጋይ እንደ መታ ነው። አንደኛው ጉልበቱ ሲዝል፣ ሊሸሽ ዓይኑን ሲያዞር፣ ሌላው ሊያሳድድ ሲነሣ፣ ልክ እዚያች ቅጽበት ላይ ሴኮዎቹ ይገባሉ። አንዱ የኋላ እግሩን በገመድ ይጠልፋል፣ ሌሎቹ ገመዱን ይስባሉ፤ አንዱ ዘልሎ አፍንጫውን ይይዛል። አንድ ቶን በሚጠጋ የተቆጣ ሥጋ ላይ በባዶ እጅ! ኮርማው በአፍንጫው ሲያዝ ይበርዳል። ይለያያሉ። አሸናፊም ተሸናፊም የለም፤ ሁልጊዜ እኩል ለእኩል ነው። ኮርማው የቤት ሀብት ነው፤ ድሮ በማግስቱ እርሻ ላይ ይፈለግ ነበር፤ ተሸንፎ ልቡ የተሰበረ ኮርማ ደግሞ አይረባም። ባለቤቶቹም ጎረቤታሞች ናቸው፤ ማታ አብረው ይጠጣሉ።

በመንቀጥቀጡ ጊዜ ከብቶቹም በሄሊኮፕተር እየተንጠለጠሉ ወጥተዋል። በስደቱ ዓመትም ግጥሚያው አልቀረም፤ ከተማው ዳር ሜዳ ተፈልጎ ተካሄደ። እንግዲህ መንደሩ በሕግ የለም፣ ምድሩ ባዶ ነው፣ ሰዎቹ በስደት ላይ ናቸው፤ ኮርማዎቹ ግን እኩል ለእኩል እየተለያዩ ነው።

እስካሁን ጎጥን አሞግሼ ከተማውን ዝም አልኩት። ውሕደቱ ምንም አላሳጣም ብላችሁ እንዳትወጡ የጠፋውን ልናገር። የጠፋው ብዕር ነው። ከዚያ በፊት ናዳ መንገድ ሲዘጋ የሚፈርመው ሰው ሦስት ጎጥ ወዲያ ይኖራል፤ ዓይኑን ታዩታላችሁ፣ ልጁን ታውቁታላችሁ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ታወርዱታላችሁ። ከውሕደት በኋላ የሚቀረው ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ነው። ቅርንጫፉ ይጽፋል፣ ዋናው ይወስናል። ሠራተኛው ይቀያየራል፤ የትኛው ቤት በየትኛው ናዳ ሥር እንዳለ ያወቀው ሰው ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። በጃፓን ገጠር በተዋሐዱ መንደሮች ሁሉ የምትሰሙት እሮሮ ይኸው ነው።

እንቢ ያሉም አሉ። በፉኩሺማ ግዛት ያማትሱሪ የምትባል፣ ያኔ 7,000 ያህል ሰው የነበራት ትንሽ ከተማ በ2001 ከማንም ጋር አልዋሐድም ብላ በምክር ቤቷ አወጀች። በ1950ዎቹ ውሕደት ጊዜ የተፈጠረው ጠብ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። እንቢታ ዋጋ አለው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች መጸዳጃ ቤቱን ጭምር ራሳቸው ማጽዳት ጀመሩ፤ የምክር ቤት አባላት ከወር ደመወዝ ወደ ቀን አበል ወረዱ። መጻሕፍት የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ከመላ አገሪቱ ለመኑ፤ ከ400,000 በላይ መጻሕፍት መጣላቸውና በ2007 ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ስሙ «ሞታይናይ» የሚል አለበት፤ «ይህ እንዴት ይባክናል!» ስንል የምናሰማው ቁጭት ነው። እኔ ይህችን ከተማ እወዳታለሁ። ግን ያማትሱሪ ላይ ተራራ አልወረደም። ያማኮሺ ብቻዋን ቆማ ያን ሁሉ መንገድና ቤት ልትመልስ ትችል ነበር ብዬ ለመከራከር አልደፍርም።

ያማኮሺን ባለ ዕድል ያደረጋትም ያው መከራ ነው፤ ነገሩ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው። ካሜራው መጣ፤ በመንቀጥቀጡ ዕለት ስለ ወለደች አንዲት ውሻ በ2007 ፊልም ወጣ፤ ከአሜሪካ ኮሎራዶ አልፓካዎች በስጦታ መጡና ዛሬ ተራብተው የጎብኚ መስህብ ሆነዋል። (የደቡብ አሜሪካ ተራራ እንስሳ ከአሜሪካ ተነሥቶ ጃፓን ተራራ ላይ!) ኤፕሪል 1 ቀን 2005 በጸጥታ የገቡት ሌሎቹ ትናንሽ ከተሞች ግን ካሜራም አልፓካም አልመጣላቸውም። ስለ እነሱ ንግግር የሚያደርግ ሰውም የለም፤ እኔም ዛሬ አላደረግሁም።

ሁለት ሕንፃዎችን ላሳያችሁ። ናጋኦካ ከተማ በ2012 አዲሱን ማዘጋጃ ቤቷን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ከፈተች፤ ታዋቂው አርክቴክት ኬንጎ ኩማ የነደፈው ነው፤ መሐሉ ላይ ጣሪያ ያለው ትልቅ አደባባይ አለ። ስሙ «አኦሬ» ነው፤ በአካባቢው ዘዬ «እንገናኝ» ማለት ነው። በዓመቱ፣ በ2013፣ ያማኮሺ ላይ የመንቀጥቀጡን ታሪክ የሚያሳይ አዳራሽ ተከፈተ። ስሙ «ኦራታሩ» ነው፤ በተራራው ዘዬ «የእኛ ቦታ» ማለት ነው። ከተማው «እንገናኝ» አለ፤ ተራራው «የእኛ ቦታ» ብሎ መለሰ። ሁለቱን ስሞች ያወጡት ሰዎች ተመካክረው እንደሆነ እንጃ።

ሰዉ ግን እየቀነሰ ነው። በ2021 ያማኮሺ ላይ የቀረው 800 ያህል ሰው ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከ65 ዓመት በላይ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የነዋሪዎቹ ጉባኤ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ፤ የባለጥልፍ ካርፕ ምስል ያለበት ዲጂታል የምስክር ወረቀት፣ ኤንኤፍቲ የሚሉትን፣ ለዓለም ሁሉ ሸጠ። የገዛ ሰው «ዲጂታል የመንደር ነዋሪ» ይባላል። ብዙ ሳይቆይ የዲጂታሎቹ ቁጥር ከ1,000 አልፎ በተራራው ላይ የሚተነፍሱትን በለጠ። ከሽያጩ በተገኘው ገንዘብ ከፊሉ ምን ይሠራ የሚለውን ዲጂታሎቹ ሐሳብ አቅርበው፣ በስልካቸው ድምፅ ሰጥተው ይወስናሉ። ለተራራው ሰዎችም የምስክር ወረቀቱ በነጻ ታደላቸው፤ በስማቸው ለሚደረገው ምርጫ እነሱም ድምፅ እንዲኖራቸው።

እኔ ስለ ኤንኤፍቲ ጥርጣሬዬ ብዙ ነው፤ ዋጋው እንደ ሰፈር ወሬ ይወጣል ይወርዳል። ግን ከአድራሻው «መንደር» የሚለው ቃል ከወደቀ ከ16 ዓመት በኋላ ያን ቃል መልሶ ያነሣው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ማዘጋጃ ቤቱ አይደለም፤ ሕጉም አይደለም። እነዚሁ ዶማ ይዘው ተራራ የበሱት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ከዲጂታሎቹ አንዳንዶቹ ወደ ተራራው ይመጣሉ። ቶኪዮ የሚኖር፣ ከዚያ በፊት ኒጋታን ረግጦ የማያውቅ ሰው ይሆናል፤ ባቡር ይሳፈራል፣ ናጋኦካ ይወርዳል፣ «እንገናኝ» በተባለው ሕንፃ በር አልፎ ዳገቱን ይያያዘዋል። ጉዞውን ጉብኝት አይሉትም። የሚጠሩበት ቃል «ኪሴይ» ነው፤ ጃፓኖች በአዲስ ዓመትና በሙታን መታሰቢያ በዓል ከከተማ ወደ ተወለዱበት ቤት ሲሄዱ የሚሉት ቃል። አገር ቤት ሄጄ ልምጣ እንደ ማለት ነው።